ባለፈው ሳምንት ስንት ሰው አርፏል?

እስቲ ፍረዱኝ። ፍርዱ በእኔ ላይ እንደሚሆን አውቃለሁ። ቢሆንም ከራሴ ጋር ብቻዬን ስሟገት ስለሰነበትኩ አንድ ሌላ ሰው ቢሰማኝ ይሻላል ብዬ ነው።

ተማሪ ነኝ፤ የመጀመሪያ ዓመት። የምማረው የከተማን አሠራር ነው፤ መንገድ የት ይለፍ፣ ቤት እንዴት ይሰለፍ፣ ጎርፍ በየት ይውረድ የሚለውን። ጥንቁቅ ሰው ነኝ። ይህን የምለው ልመጻደቅ ሳይሆን በሽታዬን ለመናገር ነው። ልጅ ሳለሁ እናቴ «ሮጥ ብለህ ላምባ ግዛና ና» ስትለኝ፣ ሩጫውንም እንደ ላምባው ትእዛዝ አድርጌ ስለምቆጥረው ግማሹን መንገድ ላይ አፍስሼ እገባ ነበር። ስትቆጣኝ «ሮጥ በል ብለሽኝ አይደል?» እላለሁ። አስተማሪ የሚወደኝ፣ ጓደኛ የሚሰለቸኝ ዓይነት መሆኔን ከዚህ መገመት አያቅታችሁም።

በመንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ መምህራችን አንድ ትልቅ ሐሳብ ይዘውልን መጡ። የጠመኔውን ብናኝ ከጣታቸው እያራገፉ፣ «እስከ ዛሬ ከተማ ይሠራ የነበረው ለባለሥልጣንና ለባለጸጋ ዓይን ነው» አሉ። «ከእንግዲህ ግን አንድ ነገር ይቁም ወይስ ይፍረስ የሚባለው ለኅብረተሰቡ የሚሰጠው ጥቅም ተለክቶ ነው።» ልቤ ሞቀ። ዛሬም ሳስበው ይሞቀኛል፤ ሐሳቡ ምንም አላጠፋም።

የሚለካው በቅጽ ነው። ቅጹ «የማኅበራዊ ጠቀሜታ መመዘኛ» ይባላል። ከአናቱ ላይ በወፍራም ፊደል እንዲህ ይላል፦ «ጥያቄው ቃል በቃል ይነበብ። ጠያቂው ቃል መለወጥ፣ መጨመር፣ መቀነስም ሆነ ማብራራት አይፈቀድለትም።» ሌሎቹ ተማሪዎች ይህን ሲያነቡ አዛጉ። እኔ በቀይ አሰመርኩበት።

የደረሰኝ ቀጨኔ ውስጥ አንድ ዳገት ነው። ከወንዙ ዳር ተነስቶ እስከ አስፋልቱ የሚወጣ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከሄደበት አንደኛው አጥር የሚታከክበት ቀጭን መንገድ። ቀበሌው መንገዱን አስፍቶ መኪና ሊያስወጣበት አስቧል። ለማስፋት ደግሞ ከአራት ነገሮች አንዱ መነሳት አለበት፦ ቦኖው፣ የዕድሩ ዕቃ ቤት፣ አንድ ያረጀ ወይራ፣ እና አንድ የድንጋይ ካብ። በምዘናው ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘው ይነሳል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ለፈተና እንኳ የሚከብድ አይደለም።

ካቡን መጀመሪያ ሳየው ካብም አልመሰለኝ። ዳገቱ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ እስከ ወገብ የሚደርስ፣ ከላዩ በሰው ልብስ ታሽቶ የለሰለሰ የድንጋይ ክምር ነው። ማን እንደካበው የሚያውቅ የለም። መንደሩ «ማረፊያው» ይለዋል። እኔም እግሬ ሲዝል ቦርሳዬን አስቀምጬ ተቀመጥኩበት። ቆየት ብሎ እትዬ አስካለ ከታች መጡ።

እትዬ አስካለ ሸክላ ሠሪ ናቸው፤ ስድሳ ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል። ሁለት ትላልቅ እንስራ በገመድ አስረው በጀርባቸው ተሸክመዋል። ካቡ ጋ ሲደርሱ ዞሩ፣ ጀርባቸውን ሰጡ፣ ጉልበታቸውን ትንሽ ሸብረክ አደረጉ፤ እንስራዎቹ ከድንጋዩ ላይ እንደ ዶሮ ቁጢጥ አሉ። ከዚያ ትከሻቸውን ከገመዱ አወጡ። ማንም አላወረዳቸውም። ትንፋሻቸውን ከሰበሰቡ በኋላ ትከሻቸውን መልሰው ገመዱ ውስጥ አግብተው ቀጥ ብለው ተነሱ። ማንም አላሸከማቸውም። እኔ ልረዳ ብዬ ቆሜ ነበር፤ የምረዳው ነገር አጣሁ።

«ከባለቤቴ ወዲህ የሚያሸክመኝ እሱ ነው» አሉኝ በአገጫቸው ድንጋዩን እያሳዩ። «ያወርደኛል፣ ያሸክመኛል፣ ነገር የለው።»

ይህን ቅጹ ላይ ብጽፈው ኖሮ ዛሬ እናንተን አላስቸግርም ነበር። ግን ጥያቄ ገና አልጠየቅኩም ነበር፤ ሳይጠየቅ የመጣ መልስ ደግሞ ሳጥን የለውም።

ለቦኖው የተዘጋጀው ጥያቄ «ስንት ጊዜ ውሃ ቀድተዋል?» ይላል። ለወይራው «ስንት ሰው ይጠለልበታል?» ለካቡ የተጻፈው ሦስተኛው ጥያቄ ግን ይህ ነው፦

«ባለፈው ሳምንት ከቤተሰብዎ በዚህ ቦታ ስንት ሰው አርፏል?»

እናንተ ገና ስታነቡት ደነገጣችሁ። እኔ አልደነገጥኩም። የሚገርማችሁ ደግሞ ከሰው ሁሉ ቀድሜ መደንገጥ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ያደግኩት ጳውሎስ አካባቢ ነው፣ አባቴም የሆስፒታል ዘበኛ ነው። ከሥራ ሲገባ ጫማውን እያወለቀ «ዛሬ ሁለት ሰው አረፈ» ይላል፤ እናቴ «ነፍስ ይማር» ትላለች፤ ከዚያ ምሳ ይቀርባል። ቃሉን ከጡት ጋር ነው የጠባሁት። ነገር ግን በታይፕ ተጽፎ ሳየው ሌላ ቃል መሰለኝ። በታይፕ የተጻፈ ነገር የተማረ ይመስላል።

የመጀመሪያው ቤት እመቤት ደጃፋቸው ላይ ምስር ይለቅሙ ነበር። ሰላምታ ሰጥቼ፣ ቅጼን ዘርግቼ አነበብኩ።

«ምን አልክ?»

ቃል በቃል ደገምኩት።

ሰፌዱ ከእጃቸው ወደቀ። «ማነው? ልጄ ነው? ንገረኝ! ከግንባር ነው የላኩህ?»

በዚህ ዘመን ወረቀት ይዞ በር ላይ የሚቆም ወጣት ምን ይዞ እንደሚመጣ እናት ሁሉ ታውቃለች። እኔ ግን ማብራራት አይፈቀድልኝም። «እባክዎ በቁጥር ይመልሱልኝ» አልኳቸው። አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ በቁጥር ይመልሱልኝ አልኳቸው!

ጩኸታቸው ወንዙን ተሻገረ። ጎረቤት ነጠላውን እያዘቀዘቀ ወጣ። ከሁሉ ቀድመው የደረሱት የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ደምሴ ናቸው፤ ጥሩምባቸውን በብብታቸው ይዘዋል።

«ማነው ያረፈው?» አሉኝ እያለከለኩ።

«ገና እየተጠና ነው።»

«እየተጠና? ታዲያ ልንፋ ወይስ አልንፋ?»

«ቅጹ ላይ ስለ መንፋት የሚል ነገር የለም፣ ጋሼ።»

«አንተ ልጅ፣ ደኅና ነህ?»

«ተማሪ ነው» አለች አንዲት ሴት፤ ጥያቄውን የመለሰች መስሏት።

እመቤቲቱ ውሃ ጠጥተው፣ ልጃቸው ደኅና እንደሆነና እኔ ስለ ድንጋይ የመጣሁ ጅል እንደሆንኩ ሲገባቸው፣ «ማንም አላረፈም! ጠላትህ ይረፍ!» አሉ። ዜሮ ጻፍኩ። «ጠላትህ ይረፍ» ለሚለው ማስገቢያ አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ ወሬ ቀደመኝ። ወሬ በዚያ ዳገት ላይ ማረፊያ አያስፈልገውም። ቀበሌው የሞተ ሰው እየቆጠረ ከስኳር ካርድ ሊሰርዝ ነው ተባለ። በየቤቱ ስደርስ ሰው ሁሉ ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። አንድ ቤት ውስጥ የታመሙ ሽማግሌ ከአልጋቸው ተነስተው፣ ኮት ለብሰው፣ በሁለት ሰው ተደግፈው በሩ ላይ ታዩኝ። «ይኸው፣ አሉ!» አለችኝ ልጃቸው። ሽማግሌውም «አለሁ» አሉ፤ ብዙም እርግጠኛ ሳይሆኑ። ሌላ ቤት ደግሞ «እናታችን ጠበል ሄደው ነው እንጂ አሉ፤ በደንብ አሉ» አሉኝ። የቤቱ ሰው በሙሉ ከል ለብሶ ነበር።

«ስለዚህ ያረፈ የለም?» እላለሁ።

«የለም! በዚህ ቤት የሚያርፍ ሰው የለም!»

ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ።

በመጨረሻ እትዬ አስካለ ቤት ደረስኩ። ጭቃ እየረገጡ ነበር፤ ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸጉጠው፣ በተረከዛቸው እያሹ። «ቁጭ በል ልጄ። እጄ ጭቃ ነው፣ አልጨብጥህም» አሉ። አነበብኩላቸው። እግራቸው ቆመ። እሳቸው ግን እንደ ሌሎቹ አልደነገጡም፤ አልተቆጡም።

«አንድ» አሉ።

በዚያ ቀን የሰማሁት የመጀመሪያው አንድ ነው። «ማን ናቸው?» አልኩ፤ ቅጹ አይጠይቅም፣ አፌን አመለጠኝ።

«ባለቤቴ ነዋ። ጋን ተሸክሞ ሲወጣ ካቡ ላይ አሳርፎ ቁጭ አለ። እኔ ከኋላው ነበርኩ። ስደርስ ትንፋሽ የሚሰበስብ መስሎኝ ጎኑ ተቀመጥኩ። እንጨቱ እርጥብ ነው፣ ሸክላውን በደንብ አያበስለውም እያልኩ ስነግረው ቆየሁ። ዝም ሲለኝ የተቆጣ መሰለኝ።» ጭቃውን በተረከዛቸው አንድ ጊዜ ረገጡት። «ብዙ ነው የነገርኩት።»

የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱንም አልኩት። «ይህ... ባለፈው ሳምንት ነው?»

ቀና ብለው አዩኝ። «በእናንተ አቆጣጠር አራት ዓመቱ ነው። በእኔ ባለፈው ሳምንት ነው።»

ቅጹ የሚከተለው የእኛን አቆጣጠር ነው። ዜሮ ጻፍኩ። ክቡ አላምር አለኝና በላዩ ደግሜ አሳመርኩት።

ከዚያ ወጥቼ ዜሮዎቼን የምደምርበት ቦታ ስፈልግ የት የተቀመጥኩ ይመስላችኋል? ካቡ ላይ። እየደመርኩ ሳለሁ ጭራሮ የተሸከመች ሴት መጣች፤ ጠጋ አልኩላት። እንስራ የያዙ ሁለት መጡ፤ ቅጾቼን ሰብስቤ ቦታ ለቀቅኩላቸው። ቀጥሎ ደግሞ አንዲት ነፍሰ ጡር መጣችና ጨርሼ ተነሳሁ። ቆሜ፣ ሰዎቹ ተቀምጠው እያየሁ፣ ማንም እንደማይቀመጥበት ደምሬ ጨረስኩ። «አስተያየት» የሚል ባዶ ሳጥን ነበር፤ ከሥሩ ግን «ለጽሕፈት ቤት ብቻ» ይላል። ንጹሕ አድርጌ ተውኩት።

ያን ጊዜ ልቤ አላወቀም ብል ውሸት ነው። አውቋል። ለመምህሩ ልነግራቸው አስቤም ነበር። ነገር ግን ቅጾቼን ሲያዩ «እንዲህ ነው እንጂ ቅጽ! ስርዝ የለ፣ ድልዝ የለ!» አሉና ለክፍሉ ከፍ አድርገው አሳዩት። ምስጋናው ሲበርድልኝ እነግራቸዋለሁ ብዬ ቆየሁ። ሳይበርድ ሁለት ሳምንት አለፈ።

ውጤቱ በቀበሌው አዳራሽ ለሕዝብ ሲነበብ እኔም ተጋበዝኩ፤ ከፊት ወንበር ተሰጠኝ። ጓድ ሊቀመንበሩ ቦኖውን አነበቡ፣ ዕቃ ቤቱን አነበቡ፣ ወይራውን አነበቡ። ከዚያ «የድንጋይ ካብ፤ ዜሮ። ይነሳል» አሉ።

አዳራሹ መጀመሪያ አልገባውም። ከሴቶቹ መካከል እትዬ አስካለ ተነሱ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ድንጋዩን ማለትዎ ነው? እኛ እኮ በየቀኑ ነው የምናርፍበት።»

ሊቀመንበሩ ወረቀት ገለጡ። «እርስዎ ራስዎ ዜሮ ብለዋል።»

«እኔ አንድ ነው ያልኩት።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ተነሳሁ። «እ... ማለቴ... አንድ ብለዋል። ግን ጊዜው... ቃሉ ደግሞ...»

«ዜሮ ነው ወይስ አንድ?»

«የጻፍኩት ዜሮ ነው፤ ግን ጓድ ሊቀመንበር፣ ጥያቄው ስንት ሰው ሞቷል የሚል መስሏቸው ነው። ሁሉም ቤት!»

«እውነቱን ነው!» አሉ ጋሽ ደምሴ ከኋላ። «እኔም እኮ ጥሩምባ ይዤ ወጥቼ ነበር!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሊቀመንበሩም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ሰው ከሳቀ ነገሩ የተቃና መስሎኝ። ሊቀመንበሩ ዓይናቸውን ጠርገው «መልካም» አሉ። «እንግዲህ ስለ ቤተሰቡ የተሳሳተ ቁጥር የሰጠ ካለ የስኳር ካርዱን ይዞ ይምጣና ከሥር ከመሠረቱ እናጣራለን።»

ሳቁ ቆመ። ከል የለበሱት የዚያ ቤት ሰዎች አንገታቸውን ደፉ። የሽማግሌው ልጅ ጫማዋን አየች። አንድም ሰው እጁን አላወጣም።

«አያችሁ?» አሉ ሊቀመንበሩ። «ደግሞስ በአብዮት ጊዜ ምን ማረፍ አለ?»

ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። እጆቼ ከሌሎቹ እጆች ጋር ነው የተነሱት፤ ቀድሜ አልጠየቅኳቸውም። እትዬ አስካለ ብቻቸውን ቆመው ቀሩ፤ ከዚያ ጎረቤታቸው ቀሚሳቸውን ጎተት አድርጋ አስቀመጠቻቸው።

ካቡ የፈረሰው በልማት ዘመቻ ነው፤ እሁድ። ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ይመጣል፣ የቀረ ይመዘገባል። እኔም ለማስተባበር ተመድቤ ድጅኖ ያዝኩ። እትዬ አስካለ ቤት ከእሳቸው በቀር ሰው የለምና ራሳቸው መጡ፤ የካቡን ድንጋዮች በጀርባቸው እየተሸከሙ ወንዝ ዳር ያራግፉ ነበር። ፀሐይ ሲበረታ የዘማቾቹ ጉልበት ከዳ። የት ያረፉ ይመስላችኋል? ገና ባልፈረሰው ግማሽ ላይ። እያፈረሱ ያርፋሉ፣ አርፈው ያፈርሳሉ፤ ማረፊያው እያጠረ ሲሄድ ሰዎቹ እየተጠጋጉ፣ በመጨረሻ ሦስት ሰው በአንድ ድንጋይ ላይ ተጠባብቆ ተቀመጠ። «ተነሱ፣ እሱም ይቀራል» አላቸው ተቆጣጣሪው። ተነሱ።

መንገዱ ሰፋ። አንድ የጭነት መኪና ሊሞክረው መጣ፤ ማጠፊያው ላይ ጎማው ባዶውን እየዞረ ጭቃውን በአጥሩ ላይ ረጭቶ፣ የኋሊት ወረደ። አልተመለሰም።

ከዚያ ወዲህ ዳገቱን በመሀል ሳያርፉ የሚጨርሱ ይወጣሉ፣ የማይጨርሱ አይወጡም። እትዬ አስካለ አንድ ሁለት ጊዜ መንገደኛ እየለመኑ ሞከሩ፤ ማጠፊያው ላይ የሚያወርድ ይገኝ ይሆናል፣ መልሶ የሚያሸክም ግን አይገኝም። ስለዚህ ገበያ መውጣት ተዉ። ልጠይቃቸው የሄድኩ ቀን ግቢው በእንስራ ተሞልቶ ነበር። ጭቃ አይረግጡም። እግራቸው ደርቋል።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ» አልኳቸው። ይህን ለማለት ከጳውሎስ እስከዚያ በእግሬ እየተለማመድኩ ነው የሄድኩት።

«አንተን ምን ልበልህ። አንተ የጠየቁህን ጠየቅክ» አሉ። «እኔ ግን ያለ እንስራ ምን ልሁን? ሌላ ነገር አላውቅ። እጄ ሥራ ሲፈታ ሌሊት ያመኛል።»

«እኔ አወጣልዎታለሁ! በየገበያው ቀን!»

ትከሻዬን አዩት። አላመኑበትም፤ ግን ሌላ ትከሻ አልነበረም። ሁለቱን ምርጥ እንስራዎች ራሳቸው መርጠው ጀርባዬ ላይ አሰሩልኝ። «ቀና አትበል። በጉልበትህ ሂድ እንጂ በትንፋሽህ አትሂድ» አሉኝ። እሳቸው አንድ ትንሽ ማሰሮ ይዘው ከኋላዬ ተከተሉ።

ሸክም እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር። በክፍል ውስጥ ዳገትን በቁጥር እናሰላዋለን፤ ቁጥሩ ትከሻ አይቆርጥም። ማጠፊያው ላይ ስደርስ ዓይኔ ጨለመ። ገመዱ ደረቴን ያዘው። አወርዳለሁ ብዬ ብዞር የማወርድበት የለም፤ እንዳልቀመጥ መሬቱ ሩቅ ነው። በርከክ ለማለት ሞከርኩ። ጉልበቴ ከመሬቱ ቀድሞ ጨረሰ። የኋሊት ሄድኩ።

ድምፁን አልገልጽላችሁም።

እትዬ አስካለ ደረሱ። መጀመሪያ «ተጎዳህ?» አሉኝ። አለመጎዳቴን በእጃቸው ዳብሰው አረጋገጡ። ከዚያ ከስብርባሪው አንዱን አንስተው በጣታቸው ኳ አደረጉትና ወደ ጆሮአቸው አስጠጉት።

«በደንብ በስሎ ነበር» አሉ።

ያን ሲሉ ፊታቸው ነጣ። ገሉን ለቀቁት። ዞር አሉ፤ ጉልበታቸውን ሸብረክ አድርገው እጃቸውን ወደ ኋላ ላኩ፤ እጃቸው ከወገባቸው ከፍታ ላይ አየሩን ዳሰሰ፣ ደግሞ ዳሰሰ። ሊወድቁ ሲሉ ተነስቼ ከኋላቸው ያዝኳቸው። ከእንስራው ይቀልላሉ። ትንፋሻቸው ክንዴ ላይ ይቆራረጣል።

«ይቀመጡ፣ እትዬ» አልኳቸው። «ትንሽ ይቀመጡ።»

አንገታቸውን መልሰው አዩኝ። ቁጣ የላቸውም፤ በእውነት ሊያውቁት ፈልገው ነው የጠየቁኝ።

«የት?»